በአስጎብኚው ግድግዳ ላይ ያለችው ሴትዮ

እኔ ዝም በይ ሲሉኝ ዝም የምል ሴት አይደለሁም። የገዛሁት ጫማ በሳምንቱ አፉን ከከፈተ ይዤው እመለሳለሁ። ሻጩ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ወረቀት በጣቱ ሲያሳየኝ ወንበር ስቤ እቀመጥና፣ ገበያተኛ በገባ ቁጥር «እንኳን ደህና መጡ» ብዬ ጫማዬን አሳያለሁ። እንዲህ ሆኜ ሳላስመልስ የቀረሁት ዕቃ ጥቂት ነው። መሥሪያ ቤታችን ለስልጠና ክፍለ ሀገር ሲልከንም ያው ነኝ። «ሃያ አራት ሰዓት ሙቅ ውሃ አለ» ብሎ የለጠፈ ሆቴል በረዶ ውሃ ካፈሰሰብኝ፣ ቁርሴን ሳልነካ የአስተያየት መዝገብ አምጡልኝ እላለሁ። ባልደረቦቼ ያፍሩብኝ ነበር። ውሃው ሲሞቅ ግን ቀድመውኝ ይታጠባሉ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ዝም ብዬ ያስቀመጥኩት ነገር ሁሉ ነቅዞብኛል።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በኢህአዴግ ዘመን፣ መገናኛ ለባቡሩ ተቆፍሮ አቧራ ስንቅም በምንውልበት ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ ባለ ቁልፉን ስልክ እየጣለ በጣት የሚዳሰሰውን ይይዝ ነበር። እኔም ገዛሁ። ሻጩ «ኦርጅናል ነው፣ እናቴን!» ብሎ ማለልኝ። እናቱን እንደማይወዳት የገባኝ ቤት ስደርስ ነው። ባትሪው ምሳ ሰዓት አይደርስም፤ ሲደወልልኝ የሰው ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ይዤው ብመለስ «ካሜራውን ግን አይተሽዋል?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ካሜራው ቆንጆ ነበር። በዚህ ተሸንፌ ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን እናቴን ወደ ትውልድ አገሯ ልወስዳት አሰብኩ። እናቴ ከአርባ ምንጭ በላይ ካለው ደጋ ነው የመጣችው፤ በልጅነቷ፣ ጭነት መኪና ላይ፣ ከጆንያ ጋር ተጭና። ከዚያ ወዲህ ተመልሳ አላየችውም። እኔ ደግሞ ስትመለስ እንደ ሰው ተቀምጣ፣ በመስኮት እያየች እንደምትሄድ ቃል ገብቼላት ነበር። ስለዚህ ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንድ አዲስ መስታወታም ሕንጻ ሥር ወደተከፈተ አስጎብኚ ድርጅት ሄድኩ። ማስታወቂያው «ሙሉ ፓኬጅ፣ ቁርስን ጨምሮ» ይላል። «ጨምሮ» የሚል ነገር ሳይ እጠረጥራለሁ፣ ግን ገባሁ።

እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ለስላሳ ሶፋ ላይ አስቀመጠችኝ፣ ውሃ በነጻ ሰጠችኝ። ውሃውን እየከፈትኩ ቀና ስል ከፊቴ ያለው ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ በአንድ ፎቶ ተሸፍኗል። ከራሷ የሚበልጥ ጭራሮ የተሸከመች ሴት ናት። ጎብጣለች፣ አፏ ተከፍቷል፣ ላቧ ቅንድቧ ላይ ቆሟል፣ ዓይኗ ካሜራው ላይ ነው። ከሥሯ በእንግሊዝኛና በአማርኛ «እንጦጦ፤ ያልተነካ የተፈጥሮ ውበት» ተብሎ ተጽፏል።

መጀመሪያ ያወቅኩት ሹራቡን ነው። አረንጓዴው የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜ ነበር። ለእኔ ሲጠበኝ እሷ ለበሰችው፤ ክርኑ ሲቀደድ አረንጓዴ ክር አጥታ በሰማያዊ ጠቀመችው። ያ ሰማያዊ ክር እንደ ጣት ወፍሮ ግድግዳው ላይ ይታያል። ከሹራቡ ቀጥዬ ፊቷን አየሁ። እናቴ ናት። ደሜ ፈላ።

እናቴ እንጨት ተሸካሚ ነበረች። ይህን ቃል ላለሳልሰው አልፈልግም። አባቴ ሳላውቀው ሞቶ፣ እኛ የካ ከዳገቱ ሥር በአንዲት ክፍል እንኖር ነበር። እሷ ገና ጎህ ሳይቀድ ከጎረቤት ሴቶች ጋር እንጦጦ ትወጣለች፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ለቅማ፣ አስራ፣ ተሸክማ ሾላ ገበያ ትወርዳለች። የደን ዘበኛ ካገኛቸው ገመዳቸውን ይቀማል፣ ሲብስበትም በዱላ ያባርራቸዋል። እኔ በዚያ እንጨት ተማርኩ፣ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ከዚያ በኋላ ለምኜም ተቆጥቼም አስተውኳት። ፎቶውን ባየሁበት ጊዜ ግን ሌላ ሰው ሆና ነበር። በጸሎት ቤታችን የእናቶች ኅብረት ውስጥ ትልቅ ቦታ ነበራት፤ የተጣላ ሰው ሁሉ ወደሷ ይመጣል፣ ሙሽራ ከመዳሯ በፊት እሷ ዘንድ ትመከራለች። ከዚያ ኅብረት ውስጥ እንጨት መሸከሟን የሚያውቅ የለም። ያካበተችው ሀብት ቢኖር ይህ መከበሯ ነው። ጸሎት ቤቱ ደግሞ ከአስጎብኚው አለፍ ብሎ ነው፤ ምእመኑ ሁሉ እሑድ እሑድ በዚያ መስታወት ፊት ያልፋል። ያ ፎቶ ከዚያ ግድግዳ መውረድ ነበረበት።

ሥራ አስኪያጁን አስጠራሁት። ሱፍ የለበሰ፣ ሁለት ስልክ የያዘ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ሰው ነው። በጨዋ ደንብ ጀመርኩ፤ ወንድሜ፣ ይህች ሴት እናቴ ናት፣ እባክዎን ያውርዱልኝ አልኩት። እሱ የምቀልድ መስሎት ሳቀ።

«እህቴ፣ እንጨት ተሸካሚ ሁሉ እኮ ይመሳሰላል» አለኝ።

ከዚህ በኋላ «እርስዎ» ቀረ። አንተ እያልኩ ያለኝን ሁሉ አወረድኩበት። እሱ አልተቆጣም፤ ደንበኛ አያያዝ ሰልጥኗል። ፎቶውን ከአንድ ፈረንጅ በኢንተርኔት በሕጋዊ መንገድ እንደገዛ፣ ባለቤቱ ያነሳው ሰው እንጂ የተነሳው ሰው እንዳልሆነ አስረዳኝ። ደግሞም የሀገር ገጽታ ግንባታ ነው አለ። የእናቴ ገጽታ የማን ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ውጭ ያሉ ደንበኞች ይህን ፎቶ በጣም እንደሚወዱት፣ ስሜት እንደሚነካ ነገረኝ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የተባለው ለካ ለዚህ ሰው ነው። በመጨረሻ ለአርባ ምንጩ ጉዞ ቅናሽ እንዲደረግልኝ ልጅቷን አዘዛት። እናቴን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ለእኔ ቅናሽ! የአስተያየት መዝገብ አምጣ አልኩት። እሱ ቀርቷል፣ አሁን ፌስቡክ ገጻችን ላይ ነው የሚጻፈው አለኝ።

ከመውጣቴ በፊት ስልኬን አውጥቼ ግድግዳውን አነሳሁት። ዘበኛው እየሮጠ መጥቶ እዚህ ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው አለኝ። ምን ይባላል? እናቴን በላቧ ያለፈቃዷ ያነሳ ተከፈለው፤ እኔ የእናቴን ፎቶ ሳነሳ ዘበኛ ተላከብኝ።

የዚያን ቀን ወሰን ሰፈር ካለ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ገጻቸው ላይ በረጅሙ ጻፍኩ። ጠዋት ስከፍተው ጠፍቷል። እንደገና ጻፍኩ። «ስለ ሰጡን አስተያየት እናመሰግናለን» የሚል መልስ ከሳቂታ ፊት ጋር መጣና ጽሑፌ ያው ተሰረዘ። አንድ የማላውቀው ሰው ደግሞ ከሥር ኪራይ ሰብሳቢ ብሎ ሰደበኝ። ኪራይ! በእናቴ ጀርባ ላይ ማን ኪራይ እየሰበሰበ እንደሆነ ልጽፍለት ስል ገጹ ጭራሽ አልከፈት አለኝ። ለካ ዘግተውብኛል። ሸማች አቤት የሚልበት ቢሮ አለ ሲሉኝ እሱም ጋ ሄድኩ፤ ሲስተም የለም ተባልኩ። ሲስተሙ እስኪመጣ እናቴ ግድግዳ ላይ ትቆይ ማለታቸው ነው።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ሳታውቅ አስወርጄው በዚያው የሚቀር መስሎኝ ነበር። ግን ስልኬ አጋለጠኝ። በጸሎት ቤት የእናቶችን ዝማሬ አንስቼ ነበርና፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እሱን ልትመለከት ስልኩን ወሰደች። ፎቶ በጣት መግፋት ከእኔ ተምራለች፤ ስትገፋ ስትገፋ ግድግዳው ጋ ደረሰች።

«ይህች ሴትዮ ማናት? ምስኪን» አለች።

እውነት አላወቀችም። መስታወት የሚያሳያት ቀና ብላ ስትቆም ነው እንጂ ከሸክም በታች እራሷን አይታ አታውቅም። ከንፈሯን እየመጠጠች አዘነችላት። ከዚያ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ ክርኑን አየች፣ አውራ ጣቷን ሰማያዊው ክር ላይ አደረገች። «ሹራብሽ» አለችኝ። እኔ የሆነውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩላት። እሷ የጠየቀችኝ ማን እንደሚያየው ብቻ ነው። ሰው ሁሉ አልኳት፤ መዋሸት አልቻልኩም።

ከዚያ ፎቶ የተነሳችበትን ቀን ነገረችኝ። ቁልቁል ስትወርድ መኪና አጠገቧ ቆመ፤ መንገድ የጠፋባቸው መስሏት ልታሳያቸው ቀና አለች። ከመስኮቱ የወጣው ካሜራ ሆነ። ሌሎቹ ሴቶች ዙሪ፣ ዙሪ እያሉ ይጮኹላት ነበር። «ገመድ ደረትሽን ጠፍሮ ይዞሽ ፊትሽን ወዴት ታዞሪያለሽ?» አለችኝ። ይህን ያለችው ተቆጥታ አይደለም፣ የሥራ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው ነው።

በማግሥቱ እሑድ ጸሎት ቤት አልሄደችም። ጉልበቴን አመመኝ አለች። በሚቀጥለውም እሑድ ጉልበቷን አመማት። የኅብረቱ እናቶች ሊጠይቋት ሲመጡ አንደኛዋ ስለ አስጎብኚው ፎቶ ታነሳለች ብላ ፈርታ ይመስለኛል፣ ተሸፋፍና ተኛች። እንጦጦን ስትወጣ ስትወርድ ያላመማት ጉልበት፣ አንድ ግድግዳ ሰበረው። እኔ የምይዘው የምጨብጠው አጣሁ። ክርክር ምን ይጠቅማል ካላችሁኝ፣ ያን ሰሞን እኔም እንደዚያ ብያለሁ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ከቤት ስወጣ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች፣ ጥለቱ ወርቃማ የሆነውን ነጠላዋን ጥላለች፣ ጸጉሯን ተቀብታለች። ወዴት ነው ብላት ወደዚያ ሰውዬ ውሰጂኝ አለች። ፎቶ ካነሱኝ አይቀር ለብሼ ያንሱኝ፣ ያኛውን አውርደው ይሄን ይስቀሉ አለች። ነገሩ እንዴት እንደገባት ያኔ ተረዳሁ። እኛ ቤት ፎቶ ድንገት የሚደርስብህ ነገር አይደለም፤ ታጥበህ፣ ለብሰህ፣ ከጎረቤት ሰዓት ተውሰህ፣ ፎቶ ቤት ሄደህ፣ የፕላስቲክ አበባ አጠገብ ቆመህ የምትነሳው ነው። ስለዚህ እናቴ ዘንድ ፈረንጁ የሠራው ጥፋት በሥራ ልብሷ ማንሳቱ ነው፤ ጥፋቱ የሚታረመው ደግሞ በደንብ በማንሳት ነው። እኔ የለም፣ ማስወረድ ብቻ ነው የምንፈልገው ብዬ ብከራከራት፣ ታዲያ ሰዎቹ ባዶ ግድግዳ ምን ያደርግላቸዋል አለችኝ። አዘነችላቸው እኮ!

ሄድን። ሶፋው ላይ፣ እራሷ ሥር ተቀመጠች። የገባ የወጣው ግድግዳውን ያያል፣ እሷን ያያል፣ አንድም ሰው አላወቃትም። አንድ ወጣት ባልና ሚስት የሽርሽር ጉዞ ሊመዘገቡ መጥተው ነበር። ልጅቷ ግድግዳውን አይታ «ሲያሳዝኑ» አለች፤ ቀጥላ ስልኳን አወጣችና፣ እማማ ትንሽ ጠጋ ይበሉልን፣ ከፎቶው ጋር ልንነሳ ነው አለቻት። እናቴ ተነሳችላቸው። ጥግ ላይ ቆማ ነጠላዋን እያስተካከለች እስኪጨርሱ ጠበቀች። እኔ ያን ጊዜ ያልጮህኩት እንዴት እንደሆነ ዛሬም ይገርመኛል።

ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ እናቴ ሄዳ ግድግዳው አጠገብ ቆመች። እሱም አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደሷ አየ። ሁሉም ይመሳሰላል ማለት አልቻለም። እማማ ይቀመጡ እያለ ወንበር ሳበላት። የፈለገችውን በትሕትና ነገረችው። አሰበ፣ ቀሚሷን ከላይ እስከ ታች ተመለከተ፣ ከዚያ ዓይኑ በራ።

«እንደውም እንጦጦ ላይ፣ በዚሁ በሀገር ልብስ፣ እንጨቱን ግን ተሸክመው ቢነሱ» አለ። «ልዩ ነው የሚሆነው!»

አፌን ልከፍት ስል እናቴ እግሬን ረገጠችኝ። እሺ ልጄ አለችው። ውጭ ወጥተን ተቆጣኋት፤ ዳግመኛ ልትሸከሚለት ነው ወይ ብዬ ጮህኩባት፣ መንገደኛ እስኪያየን። እሷ ግን አንድ ቀን በመኪና ልውጣው አለች።

በቀጠሮው ቀን በድርጅቱ ላንድክሩዘር ወጣን። ሥራ አስኪያጁ ከፊት፣ እኛ ከኋላ፣ ካሜራ የያዘው ሠራተኛ ከጎናችን። እናቴ በመስኮት ታይ ነበር። ወንበሩ ምቹ እንደሆነ ተናገረች፣ ሙዚቃውን ቀንስልኝ አለችው፣ ቀነሰ። ዳገቱን ስንጨርስ በመኪና እንዲህ ቅርብ ነው እንዴ አለች። ሥራ አስኪያጁ በስልኩ ኔትወርክ ይፈልግ ነበር።

መንገዱ ሜዳ ከሆነበት፣ ባሕር ዛፉ ሳሳ ካለበት ቦታ ቆምን። አንዲት ሴት ሸክሟን ይዛ ስትወርድ አስቆሟትና እስሩን ለጥቂት ጊዜ ተከራዩዋት። ሴትዮዋ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ትከሻዋን እያሸች ትመለከተን ጀመር። እናቴ እስሩን ዞራ አየችው፣ ገመዱን ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ ሥራ አስኪያጁን ጠራችው።

እንጨት ለብቻ አይነሳም። ሸክሙን ከፍ ያለ አፈር ላይ ታስደግፊዋለሽ፣ ጀርባሽን ሰጥተሽ ትቀመጫለሽ፣ ገመዱ በሁለቱ ትከሻ አልፎ ደረት ላይ ይታሰራል፤ ከዚያ ሌላ ሰው እጅሽን ይዞ ጎትቶ ያስነሳሻል። አሸክሙኝ ከተባለ የማያሸክም የለም፤ የተጣላም ቢሆን አሸክሞ ነው የሚያልፈው። እናቴ ይህን ነገረችውና ወገቤ እንደ ድሮው አይደለም፣ ገመዱም የት የት እንደሚያልፍ ተረስቶኛል፣ አንተ ና እስኪ ተቀመጥ፣ ባንተ ላይ ልሞክረው አለችው። ተረስቶኛል ያለችው ውሸቷን ነው። እሱ ሳቀ፣ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ተቀመጠ። እናቴና ሴትዮዋ ገመዱን አሳለፉ፣ ደረቱ ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩት፣ በግራና በቀኝ እጁን ይዘው ሲጎትቱት ተነሳ።

መጀመሪያ እየሳቀ ነበር። እስከ መንገዱ ድረስ ጥቂት ሄደ፣ ከዚያ ሳቁ አለቀ። ጎበጠ፣ ፊቱ ቀላ፣ አፉ ተከፈተ። ካሜራ የያዘው ሠራተኛ አለቃውን ያንሳ አያንሳ ጨንቆት ቆመ። በዚህ መሃል ከታች አንድ ሚኒባስ መጣ። የሌላ ድርጅት ነው፤ ፈረንጆች ሞልተውታል። ሱፍ ለብሶ ጭራሮ የተሸከመ ሰው ሲያዩ አስቆሙ። በሩ ተከፈተ፣ ወረዱ፣ ስልኮቹ ሁሉ ወደሱ ተነሱ። አስጎብኚያቸው ሥራ አስኪያጁን በደንብ ያውቀዋል፤ አፉን በእጁ ይዞ ይስቃል። ሰውዬው ፊቱን ሊያዞር ሞከረ። አይዞርም። ገመዱን ሊፈታ ሞከረ። ሸክም ሜዳ ላይ አይፈታም፣ የምትደገፊበት ያስፈልጋል።

እኔም ስልኬን አወጣሁ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ! አሁን ገና አልኩ፤ ይህችን በየገጹ እለጥፋታለሁ፣ እስኪ ትሰረዝ።

«እማማ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ በቀጭን ድምፅ። «በእግዚአብሔር፣ ሰው እያነሳኝ ነው። ይጋርዱኝ።»

እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። በሁለት እጇ ዘርግታ በእሱና በስልኮቹ መሃል ቆመች። ፈረንጆቹ ወደ ግራ ሲሄዱ ወደ ግራ ሄደች፣ ወደ ቀኝ ሲዞሩ ዞረች። እኔ ከጎን በስልኬ ላነሳው ብል የነጠላውን ጫፍ ወደኔም አመጣችው። ማንንም አልተቆጣችም፣ ማንንም አልለመነችም፤ ዝም ብላ ጋረደችው። አንድ በአንድ ስልካቸውን አወረዱና ወደ መኪናቸው ተመለሱ። ሚኒባሱ ሲርቅ ነው እጇን ያወረደችው።

ከሴትዮዋ ጋር ሆነን ወደ አፈሩ መለስነውና ሸክሙን አስወረድነው። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። እናቴ ነጠላዋን መልሳ እየለበሰች አየችው።

«እኔን ያን ቀን የሚጋርደኝ አላገኘሁም» አለችው። «ዛሬ ግን አንተ አለህ።»

ሰውዬው መሬት መሬት ያይ ነበር። አወርደዋለሁ እማማ አለ። ስለ ገጽታ ግንባታ ምንም አላነሳም። ካሜራ የያዘው ሠራተኛ በሀገር ልብስ የተባለውስ ፎቶ ብሎ ሲጠይቅ፣ እናቴ አሁን ላብ ላብ ብሎኛል፣ ሰው እንዲህ ሆኖ ፎቶ አይነሳም አለችው። ባለ እስሯ ሴት ወደ ገበያዋ ልትሄድ ስትቀመጥ፣ እጇን ይዞ ያስነሳት ሥራ አስኪያጁ ነው። በሌላ እጁ ወገቡን ይዞ ነበር።

ስልኬን ከፈትኩት። ያነሳሁት ሁሉ ነጭ ነው፣ ነጠላ ብቻ። ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው። እንዲህ ዓይነት ክርክር በነጠላ ይረታል ብሎ የነገረኝ የለም።

ነገ ዛሬ እንዲል አልፈቀድኩለትም፤ በመጣንበት መኪና ቀጥታ ቢሮው ወሰድኩት። እራሱ ወንበር ላይ ወጥቶ ከጥግ ጀምሮ ላጠው። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ከሥር ትጠቀልላለች፣ ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ያያል። ግድግዳው ባዶ ሲሆን እናቴ መቀነቷን አጥብቃ ተነሳች። ሰውዬው ጥቅሉን ወዴት ልጣለው ብሎ ሲጠይቅ፣ ለምን ትጥለዋለህ፣ ስጠኝ አለችው። ልያዝልሽ ብላት እምቢ አለች። በሚመጣው እሑድ ጸሎት ቤት እንደምትሄድ ያኔ ነው የነገረችኝ፣ ጉልበቷን ሳታነሳ።

ከመገናኛ የካ ታክሲ ተሳፈርን። ጥቅሉ ረጅም ነው፤ ጭኗ ላይ አጋድማ በሁለት እጇ አቀፈችው፣ ጫፉ እስከ በሩ ደረሰ። ወያላው ሂሳብ ሲሰበስብ ጥቅሉን በእጁ መታ መታ አድርጎ የዕቃ ይከፈላል አለ። እኔ ለዚህ ለዚህማ የተፈጠርኩ ነኝ፤ አፌን ከፈትኩ። እናቴ ቀደመችኝ።

«ዕቃ አይደለም» አለችው። «እኔ ነኝ።»